ይድነቃቸው ተሰማ፡- ከአራዳ ሜዳ እስከ አህጉር መሪነት

ባለፈው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ለኃላፊዎች የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር፡፡ ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን፣ በየሁለት ሰዓቱ ለሻይ እየወጣን፣ ስለ ራዕይ፣ ስለ ቡድን ሥራና ስለ ታማኝነት ስንማር ሰነበትን፡፡ አሠልጣኙ ጎበዝ ሰው ነው፤ አይሰለችም፡፡ ያነሳቸው ምሳሌዎች ግን በሙሉ የባህር ማዶ ኩባንያ ባለቤቶች ነበሩ፡፡ በመጨረሻው ቀን ሠርተፍኬታችንን ይዘን ስንወጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው በሦስት ቀን ሥልጠና መሪ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡

መልሱ የመጣልኝ በማግስቱ እሑድ ቄራ ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ነው፡፡ ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ነው፡፡ በልጅነታችን ኳስ የምንጫወትባት ሜዳ በቆርቆሮ ታጥራለች፡፡ ከታጠረች ቆይታለች፤ ግን ምንም አልተሠራባትም፡፡ የሰፈሩ ልጆች በቆሙ መኪኖች መሀል፣ ኮብልስቶኑ ላይ ይጫወታሉ፡፡ መኪና በመጣ ቁጥር ጎል ያደረጓቸውን ድንጋዮች ያነሳሉ፤ መኪናው ሲያልፍ መልሰው ያስቀምጣሉ፡፡ ጥቂት ቆሜ አየኋቸው፡፡ ድንጋዩን የሚያነሳው ተረኛ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፡፡ ማንም ማንንም አያዝም፡፡

እኛም እንዲሁ ነበርን፡፡ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቄራ ልጅ ኳስ አይቸግረውም፤ ከዕርድ ከተረፈ የበሬ ፊኛ ነፍተን፣ በአሮጌ ካልሲና በጨርቅ ጠቅልለን እንሠራ ነበር፡፡ ቡድናችን አምበል፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነበረው፡፡ ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ 12፡፡ ለማልያ መግዣ በየሳምንቱ ሳንቲም እናዋጣለን፡፡ አንድ ቅዳሜ ታዲያ የቡድኑን ገንዘብ ይዤ ሲኒማ አምባሳደር ገባሁበት፡፡ ሰኞ ሒሳብ ሲጠየቅ ላብ አሰመጠኝ፡፡ ልጆቹ ሊደበድቡኝ ተነሱ፡፡ አምበላችን፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ የሥጋ ጫኝ ልጅ፣ ከለከላቸው፡፡ ቅጣቴንም እሱ ወሰነ፡- ገንዘቡን ሠርቼ እመልሳለሁ፤ ከገንዘብ ያዥነቴ ግን አልነሳም፡፡ ሸክም እየተሸከምኩ ለመመለስ አንድ ወር ተኩል ፈጀብኝ፡፡ ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ የሰው ገንዘብ በእጄ አልፏል፡፡ ያን ሰኞ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፡፡

ታላቅ ወንድሜ የንጉሡ ዘመን ልጅ ስለሆነ ስካውት ነበር፡፡ ካኪ ቁምጣውና የአንገት ሻሹ እናታችን ሳጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ተቀምጠው ነበር፡፡ ስካውትን የጀመሩት እንግሊዛዊው ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ የሚሆኑ ልጆችን ወደ አንዲት ደሴት ወስደው ሲያሰፍሩ፣ ከባለጠጋም ከድሃም ቤተሰብ የመጡትን ልጆች ደባልቀው በትንንሽ ቡድን ከፈሏቸው፤ በየቡድኑም አለቃ ያደረጉት ከልጆቹ መሀል አንዱን ነበር፡፡ የነገሩ ምሥጢር ከድንኳኑና ከቋጠሮው ይልቅ እዚህ ላይ ይመስለኛል፡፡ ልጅ ለልጅ ኃላፊ ሲሆን፣ ቃል ሲገባና ቃሉን ሲያፈርስ የሚጠይቀው ጓደኛው ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጠባይ ይሠራል፡፡ ወንድሜ ይህን በስካውት፣ እኔ በቀበሌ ኳስ ቡድን አገኘነው፡፡ በአገራችን ግን ከልጆች ቡድን ተነስቶ አህጉርን እስከ መምራት የደረሰ ሰው ቢጠሩ ቢባል፣ እኔ ከይድነቃቸው ተሰማ የሚቀድም አላውቅም፡፡

የነጋድራስ ልጅ

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ነው፡፡ አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፡፡ ነጋድራስ ተሰማ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው አውቶሞቢል መንዳት ተምረው የተመለሱ፣ እዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ፣ በቅኔያቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ የሚጠቀሱ ሰው ነበሩ፡፡ እንዲህ ያለ አባት ያለው ልጅ በአባቱ ስም ብቻ ሊኖር ይችላል፡፡ ልጁ ግን ሌላ መንገድ መረጡ፡፡

መንገዱ የተጀመረው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው፡፡ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ትምህርት ቤት ለዘመኑ ወጣቶች ከፊደልና ከፈረንሳይኛ ሌላ የአካል ማጠንከሪያና የቡድን ጨዋታ የሚያገኙበት ሥፍራ ነበር፡፡ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ወጣቶች አራዳ ሠፈር ውስጥ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ፣ የ14 ዓመቱ ይድነቃቸው ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ሆኑ፡፡ ቡድኑ ያን ጊዜ የልጆች ቡድን ነበር፡፡ መንግሥት አላቋቋመውም፤ ባለሀብትም ከጀርባው አልነበረም፡፡

ልብ በሉ፤ ጊዜው ጦርነት የታወጀበት ጊዜ ነው፡፡ የጣሊያን ጦር በሰሜንና በደቡብ እየገፋ ነበር፡፡ ቡድኑ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ፡፡

በቀለም የተከፈለ ሜዳ

አምስቱ የወረራ ዓመታት የይድነቃቸው የጉርምስና ዓመታት ናቸው፡፡ ከ14 ዓመታቸው እስከ 19 ዓመታቸው ያደጉት በዘር ሕግ ሥር ነው፡፡ ፋሺስቱ አስተዳደር ከተማዋን የነጭና የአገሬው ሕዝብ ብሎ ከፈላት፡፡ ጥንታዊው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የአገሬው ገበያ የተባለው መርካቶ ተቆረቆረ፡፡ ኳሱም አልቀረለትም፡፡ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጋጠሙ ተደርጎ ለብቻቸው ተመደቡ፡፡ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም እንኳ ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ፡፡

በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፡፡ አንዱ፣ ነገሩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ መኖር ነው፡፡ ሌላው፣ ነገሩ ግፍ መሆኑን ለይቶ አውቆ እድሜ ልኩን አለመርሳት ነው፡፡ የይድነቃቸው ኋላ ሥራ ሁሉ የሚመሰክረው ሁለተኛውን ነው፡፡ የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱትም እሳቸው ናቸው፡፡ ይህን እንደ ቀላል ነገር አልቆጥረውም፡፡ ሕጉን በራሱ ቋንቋ ያነበበ ተጫዋች ዳኛውን በማስረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉን የማያውቅ ግን በዳኛው ፈቃድ ያድራል፡፡

ነጻነት ሲመለስ በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ቡድኖች የተሳተፉበት ውድድር ተካሄደ፡፡ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልዕኮ ቡድንና የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ነበሩ፡፡ እስቲ አስቡት፡፡ ትናንት በቀለሙ ምክንያት አብሮ እንዳይጫወት የተከለከለው አጥቂ ዛሬ ከጣሊያኖች ቡድን ጋር በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሕግና በአንድ ዳኛ ፊት ቆመ፡፡ በቀልን ለሚፈልግ ሰው ጥሩ አጋጣሚ ነበር፡፡ ይድነቃቸው የፈለጉት ግን ሌላ ነው፡- ሕጉ ለሁሉም እኩል እንዲሆን፡፡ በእኔ ግምት የሕይወታቸው ዓላማ ከዚህች አረፍተ ነገር አይወጣም፡፡

በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ 23 ዓመታት ተጫውተዋል፡፡ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰልፈዋል፡፡ ከመጫወቱ ጎን ለጎን የአገሪቱን ስፖርት በድርጅት መልክ ካቋቋሙት ሰዎች ግንባር ቀደም ነበሩ፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ከአራት ዓመት በኋላም አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ዓለምን ሲያስደንቅ፣ የኦሊምፒክ ኮሚቴውን የጸሐፊነት ሥራ የያዙት እሳቸው ነበሩ፡፡

ካርቱም ላይ የተገኘው ልጅ

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው፡፡ መሥራቾቹ አራት ናቸው፡- ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ፡፡ ይድነቃቸው ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል፡፡ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊካሄድ ነው፡፡ ዕጣው ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪካ ጋር አገናኘ፡፡ የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ግን የሚልኩት ወይ ነጮች ብቻ የሚገኙበት፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሚገኙበት ቡድን እንጂ የተደባለቀ እንደማይሆን አስታወቁ፡፡

ለብዙዎች ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ሊመስል ይችላል፡፡ በዘር የተከፈለ ሜዳ ላይ ላደገ ሰው ግን ነገሩ ገና ከርቀት ይታወቃል፡፡ ገና በተወለደ በቀናት የሚቆጠር ድርጅት ከአራት መሥራቾቹ አንዱን ማጣት ትልቅ ኪሳራ ነው፡፡ ቢሆንም ውሳኔው ተወሰነ፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፡፡ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፡፡ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎሎች ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ ነው፡፡ የሽንፈቱ ልክ ቢያሳፍርም፣ ያ ውሳኔ ከዋንጫ በላይ ነበር፡፡

ዋንጫውም ቢሆን አልዘገየም፡፡ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ስታዲየም ተካሄደ፡፡ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ፡፡ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች፡፡ ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አክለውበት 4 ለ 2 አሸነፈች፡፡ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው፡፡ ሉቺያኖና ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው፡፡ የወረራው ዘመን የዘር ሕግ እንዳይወለዱ የከለከላቸው ዓይነት ልጆች መሆናቸውን ያዩታል፡፡ በይድነቃቸው ቡድን ውስጥ ግን አንዱ አምበል፣ አንዱ አጥቂ ሆኑ፡፡ ደም አልተቆጠረም፤ ጨዋታ ተቆጠረ፡፡

ከዓለም ጋር የተደረገ ግጥሚያ

ከዚያ በኋላ ግጥሚያው ከሜዳ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ዞረ፡፡ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 አግዶ ነበር፡፡ ፕሬዚዳንቱ እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ በ1963 ወደዚያው ተጉዘው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሳ፡፡ ይድነቃቸውና የአፍሪካ ጓዶቻቸው ዝም አላሉም፡፡ በየዓመቱ ነጻ እየወጡ ድምፅ የሚያገኙትን አገሮች አስተባብረው በ1964 ቶኪዮ ላይ በተደረገው ጉባኤ እገዳው እንዲመለስ አደረጉ፡፡ በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ጨርሳ ተባረረች፡፡

ሌላው ግጥሚያ የዓለም ዋንጫ ነው፡፡ ለ1966ቱ ውድድር ፊፋ አፍሪካን፣ እስያንና ኦሺኒያን አንድ ላይ ጠቅልሎ አንዲት ቦታ ሰጣቸው፡፡ የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተቃውሞውን መሩ፤ አፍሪካ በሙሉ ከማጣሪያው ወጣች፡፡ ተጫዋቾቻቸው በወጣትነት ጉልበት ላይ ለነበሩ አገሮች ይህ ከባድ መሥዋዕትነት ነው፡፡ ውጤቱ ግን ብዙ አልዘገየም፡፡ ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራሷ ቦታ ኖራት፤ ሞሮኮም ሜክሲኮ ላይ ወከለቻት፡፡ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የተመደቡት ቀጥተኛ ቦታዎች ዘጠኝ ናቸው፡፡ ዛሬ የሴኔጋልን ወይም የሞሮኮን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚያይ ወጣት፣ ያ ቦታ ማን ተከራክሮ ያመጣው እንደሆነ ቢያውቅ ደስ ይለኛል፡፡

በ1964 ዓ.ም. ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፡፡ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ በአገራቸው አብዮት ፈነዳ፡፡ ንጉሡ ወረዱ፤ ብዙ የቀድሞ ባለሥልጣናት ታሰሩ፣ ተገደሉ፡፡ እሳቸው ግን በአህጉሩ መሪነት ቀጠሉ፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲካሄድ በመንበራቸው ላይ ነበሩ፡፡ በዚያው መንበር ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ፡፡ ዕድሜያቸው 65 ነበር፡፡ እኔ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነኝ፡፡ የሰፈራችን ልጆች በዚያ ሳምንት ከጨዋታ በፊት ጭቃው ላይ ተሰልፈን አንድ ደቂቃ ዝም ማለታችንን አስታውሳለሁ፡፡

የደከሙለትን ነገር በዓይናቸው አላዩትም፡፡ ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ተላቅቃ ወደ ዓለም እግር ኳስ የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላም ጥቁርና ነጭ ልጆቿን አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳች፡፡ የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፡፡ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆይታ በጥር 2005 ዓ.ም. ስትመለስ አዘጋጇ አገር ደቡብ አፍሪካ ነበረች፡፡ በ1949 ካርቱም ላይ ያልተካሄደው የሁለቱ አገሮች ግንኙነት በእንግድነት መልክ ተካሄደ ማለት ይቻላል፡፡

ለቄራ ልጆች ምን እንተዋለን?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፡፡ ይድነቃቸው መሪነትን የተማሩት የት ነው? በጎልማሳነታቸው በሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፡፡ በ14 ዓመታቸው ልጆች ራሳቸው ባቋቋሙት ቡድን ውስጥ ተሰለፉ፤ ሰብሳቢም ዳኛም አዋጪም ልጆቹ ነበሩ፡፡ በወረራው ዘመን ያ ቡድን ስሙን ሲነጠቅ አዩ፡፡ ሕግ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ጨዋታ እንደሌለ ያወቁት በቆዳቸው ነው፡፡ ኋላ ካርቱም ላይ ያደረጉት ነገር አራዳ ላይ ያወቁትን መድገም ነበር፡፡

ኳስ የተጫወተ ሁሉ ይድነቃቸውን ይሆናል አልልም፤ ስካውት የነበረ ሁሉ ጨዋ ነው ብልም ወንድሜ ይስቅብኛል፡፡ ከእኛ ቡድን ልጆች መሀል ጥሩም መጥፎም ወጥቷል፡፡ ነገር ግን ልጅ ኃላፊነትን የሚለማመድበት ቦታ ከሌለው፣ ሲያድግ ኃላፊነት የሚመስለው ወንበር ብቻ ነው፡፡ ለቡድኑ ሳንቲም ተጠያቂ ሆኖ የማያውቅ ሰው፣ ለሕዝብ ገንዘብ ተጠያቂ ነህ ሲባል ነገሩ እንግዳ ቢሆንበት አይፈረድበትም፡፡ ዛሬ አንደኛ ደረጃ ላይ የሚገኙ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ወደ ማጠናከሪያ፣ ከማጠናከሪያ ወደ ስልክ ናቸው፡፡ ሁሉን ነገር እኛ እናዘጋጅላቸዋለን፤ ክለብ ብናስገባቸው እንኳ ሰብሳቢው እኛ ነን፣ ከፋዩም እኛ ነን፣ ሲጣሉ የምናስታርቀውም እኛ ነን፡፡ ለእነሱ የሚቀር ሥራ የለም፡፡

የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ፣ ስታዲየሞቿ ደረጃ አላሟሉም ተብሎ ብሔራዊ ቡድኗ የሜዳውን ጨዋታ በሰው አገር እስከ መጫወት ደርሳለች፡፡ ስለ ትልቁ ስታዲየም ብዙ ተብሏል፡፡ እኔ የምጨነቀው ግን ስለ ትንሿ ነው፡፡ ትልቁ ስታዲየም ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፡፡ የሰፈር ሜዳ ግን አንዴ ከታጠረ አይመለስም፤ በዚያ ሜዳ ላይ ሊወጣ የነበረውን ልጅም ማን እንደነበር አናውቀውም፡፡

ባለፈው እሑድ ከቄራ ልመለስ ስል አንድ መኪና ወደ መንገዱ ገባ፡፡ ተረኛው ልጅ ሮጦ ድንጋዮቹን አነሳ፡፡ መኪናው ካለፈ በኋላ ድንጋዮቹን ሲያስቀምጥ የአንዱን ጎል ጠባብ አደረገው፤ የራሱን ቡድን ጎል፡፡ ሌሎቹ ጮኹ፡፡ ልጁ ትንሽ ተከራከረ፤ ከዚያ በእርምጃው እየለካ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው፤ ጨዋታውም ቀጠለ፡፡ ያን ልጅ ስሙን አልጠየቅኩትም፡፡ ሥልጠናውን ግን ጀምሯል፡፡